ደህናውን ክር የሚያውቁ ጣቶች

ነቀምቴ ውስጥ ጥጥ የሚፈትሉ ሴቶች ሞልተው ነበር። ሸማኔዎቹ ግን ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ አስቀድመው «ደራርቱ መጥታለች?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ልቃቂቷ ሳይነሣ አይውልም። ክሯ ድር ላይ ሲወጠር አይበጠስምና የእሷን ፈትል ያገኘ ሸማኔ ቀኑን ሙሉ ያፏጫል።

ስትፈትል ክሩን አታየውም። እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሹራ ትለቀዋለች፤ ክሩ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል እየሾለከ ያልፋል፤ እሷ ወሬዋን ትቀጥላለች። ድንገት ጣቷ ቀጥ ይላል። እዚያ ላይ ክሩ ወይ ቀጥኗል ወይ ጓጉሏል። ትበጥሰዋለች፣ አዲስ ባዘቶ ትቀጥልበታለች፣ ጠምዝዛ ታልፋለች። ወሬው ሳይቋረጥ ክሩ ይጠገናል።

ባሏ ሞረዳ የቡና መኪና ጫኝ ነበር። ለሥራ ጊዳ አያና ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ፤ ሳምንትም አልቆየ። የተረፋት ቆርቆሮው የዛገ ባለ ሦስት ክፍል ቤት፣ ጓሮው ያለው የማንጎ ዛፍና አንድ ዓመት ያልሞላት ልጇ ቀለሟ ነበሩ። የመንገድ ዳሩን ክፍል አከራየች፣ ጥጧን ከዲዴሳ ቆላ ከሚመጡ ነጋዴዎች ገዛች፣ ልጇን ማሳደግ ያዘች።

በዚያ አገር ልጅ የሚያድግበት መንገድ አገር ያወቀው ነው። ጠዋት ጠዋት ገላው በለጋ ቅቤ ይታሻል፤ ፀሐይዋ የቤቱን ጥግ ስታልፍ ሕፃኑ በቁርበት ላይ ተዘርግቶ ይሞቃል። አጥንቱ ይጠናል፣ ወዙ ይመጣል ይባላል። ደራርቱም ቀለሟን አንድ ቀን ሳታጓድል አሞቀቻት። ሕፃኗ በፀሐይዋ ትስቃለች፤ እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ ትፈትላለች። በሕይወትሽ ደስ ያለሽ ጊዜ የትኛው ነው ብትባል፣ ያን ጠዋት ትል ነበር።

ሁለት ዓመት ሲሆናት የቀለሟ ፊት ነጠብጣብ አወጣ። ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ከአፍንጫዋ ጀምረው ወደ ጉንጮቿ፣ ከዚያም ወደ አንገቷና ወደ እጆቿ ወረዱ። ከንፈሯ ይሰነጠቃል፤ ዓይኖቿ ብርሃን ሲያዩ ያለቅሳሉ።

ጎረቤቷ ዘርፈሽ፣ አባቷ ከጎጃም መጥተው የሰፈሩ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ነበረች። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ሲባል፣ አንቺ ደግሞ ልጅቷን ራሷን ዥንጉርጉር አድርገሽ ወለድሻት» አለቻት። ያን ጊዜ ሁለቱም ሳቁበት።

በአራት ዓመቷ ቀኝ ጉንጯ ላይ የማይድን ቁስል ወጣ። ደራርቱ አዝላት ወደ ሆስፒታል ሄደች። ፈረንጁ ሐኪም ልጅቷን ወደ ጨለማው ጥግ ወስዶ ዓይኗን አየ፣ እጅጌዋን ሰብስቦ ቆዳዋን አየ። ከዚያ ቅባት በቆርቆሮ ሰጣትና በአስተርጓሚው በኩል ልጅቷ ፀሐይ እንዳያገኛት ነገራት።

«እሱማ የመጣበት አገር ፀሐይ በዓመት አንዴ ነው አሉ የምትወጣው» አለች ዘርፈሽ። «የማያውቃትን ቢፈራ ምን ይገርማል?»

ለደራርቱም ነገሩ እንዲያው መሰላት። ቅባቱን ግን አመነችበት። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በቅቤው ፈንታ ቅባቱን ቀባቻትና፣ መድኃኒቱ እንዲሠርግ ብላ ከወትሮው አብልጣ ፀሐይ ላይ አቆየቻት። ቁስሉ ሰፋ። እሷም ፀሐዩ አላጠገበውም ብላ ማለዳው ላይ የከሰዓቱን ጨመረች። እንዲህ እያለች አራት ዓመት አለፈ።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አንድ ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ የመንገድ ዳሩን ክፍል አዲስ ተከራይ ገባበት። ወልደሩፋኤል ይባላል፤ የሸዋ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የሳይንስ መምህር ሆኖ የተመደበ፣ ረዥም፣ ካልሲው ሁልጊዜ የማይመሳሰል ወጣት ነበር። የደራርቱን ቤት «አዴ ደራርቱ»፣ እማማ ደራርቱ እንደማለት፣ እያለ፣ በኦሮምኛ ሰላምታ እየተንተባተበ ለመደው። እሷም «በርሲሳ» ትለዋለች፤ መምህሩ ማለቷ ነው። ቀለሟ በሩ ሥር ተቀምጣ የሚያርመውን ደብተር እያየች ፊደል ለቀመች። በገና ማንበብ ጀምራ፣ በጥር የአራተኛ ክፍሉን መጽሐፍ ከእጁ ትነጥቀው ነበር።

«ትምህርት ቤት መቼ ነው የምገባው?» ትለዋለች።

«እናትሽን ጠይቂ።»

«እማዬ ፊትሽ ሲድን ትላለች።»

የቀድሞ አስተማሪው አልፎ አልፎ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሳይንስ መጽሔት ይልክለት ነበር። ዓመት ያለፈው ነው፤ እሱ ግን እንደ ትኩስ ዳቦ ይቀበለዋል። አንድ ከሰዓት በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሲያነብ ቀና አለና ግቢው መሐል ፀሐይ የምትሞቀውን ቀለሟን አየ። መልሶ መጽሔቱን አየ። እንደገና ልጅቷን አየ። ተነሥቶ ጋቢውን አለበሳትና ወደ ቤት አስገባት።

«ምን ሆንክ?» አለችው ደራርቱ።

«አዴ ደራርቱ፣ ሐኪም አይቷት ያውቃል?»

«አይቷታል። ቅባት ሰጠን።»

«ሌላስ ምን አለ?»

«ፀሐይ አታሳዪያት አለ። ልጅ ያለ ፀሐይ ያድጋል? ድንች ናት?»

ወልደሩፋኤል አልሳቀም። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። የሚናገረውን ከየት እንደሚጀምር ሲቸግረው፣ ዓይኑ እንዝርቷ ላይ ወደቀ።

«ሰው ሁሉ ከክር የተሠራ ነው ብልዎት ያምኑኛል?»

«ፈታዩ እግዚአብሔር ከሆነ ለምን አላምንም?»

«በሰውነታችን ቅንጣት ሁሉ ውስጥ፣ ዓይን በማያያት ቅንጣት ውስጥ፣ የተጠቀለለ ክር አለ። ሁለት ሆኖ የተገመደ ነው። በክሩ ላይ በአራት ፊደል ብቻ የተጻፈ ጽሑፍ አለ። ቆዳው እንዲህ ይሁን፣ ዓይኑ እንዲህ ይሁን የሚል። ፀሐይ ቆዳችንን ስትመታው ጎን ለጎን የቆሙ ፊደላት እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ክሩ እዚያ ላይ ይጎብጣል።»

«የቀለሟ ነው?»

«የሁላችንም። የእኔም፣ የእርስዎም። አሁን ይህን ስናወራ እንኳ።»

እንዝርቷን ያዘችው። «ታዲያ እኛ ምን አቆየን?»

«ጠጋኞች አሉን። ኢንዛይም ይሏቸዋል። የተበላሸውን አግኝተው ቆርጠው ያወጣሉ። የጎደለውን ደግሞ በወዲያኛው ክር ላይ ያለውን እያዩ መልሰው ይሞሉታል። ቀን ከሌት ሥራቸው ይኸው ነው።»

ደራርቱ ጥቂት ካሰበች በኋላ የሥራ ሰው ጥያቄ ጠየቀችው። «እንዴት ያገኙታል? ዓይን አላቸው?»

«የላቸውም።»

«የተበላሸው ጥቂት፣ ደህናው ብዙ ነው አይደል?»

«ደህናውማ የትየለሌ ነው።» መጽሔቱን ገለበጠ። «እዚህ ላይ ጽሑፉ አጭር ነው። ክሩ መጉበጡን ያውቁታል ነው የሚለው። እንዴት እንደሚያውቁት ገና በደንብ አልታወቀም።»

«ይሄማ ምኑ ይከብዳል? ና፣ እጅህን ስጠኝ። ዓይንህን ጨፍን።»

ክሩን በጣቶቹ መካከል አድርጋ ሳበችው። አንድ ጓል አለፈው፤ ሁለተኛውም አለፈው። ሦስተኛው ላይ ያዝኩ ብሎ ደህናውን ክር ጨበጠ። ቀለሟ ከውስጥ ሆና ሳቀችበት።

«አንተ ክፉውን እየፈለግህ ነው» አለችው ደራርቱ። «ክፉ ስንት ዓይነት ነው፤ ቀጭን አለ፣ ጓል አለ፣ ሳይገመድ የቀረ አለ። ሁሉን አውቀህ አትችለውም። ደህና ግን አንድ ነው። ጣቴ የሚያውቀው ደህናውን ነው። እሱ ሲያልፍ ዝም ይላል፤ ሌላ ነገር ሲመጣ ራሱ ይቆማል።»

«ቆሞስ?»

«ትንሽ አጎብጠዋለሁ። ደህና ክር እምቢ ይላል፣ ይመለሳል። የታመመው እሺ ብሎ ይታጠፋል። ያን ጊዜ እበጥሰዋለሁ። የተጠራጠርኩትን ሁሉ ብበጥስማ ጋቢ የሚለብስ ሰው አይኖርም ነበር።»

ወልደሩፋኤል ደብተሩን አውጥቶ የተናገረችውን ቃል በቃል ጻፈው። በኋላ ዘመን ሊቃውንቱ በረቀቀ መሣሪያቸው የደረሱበትም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ጠጋኞቹ በክሩ ላይ ይንሸራተታሉ፤ እያጎበጡ ይፈትኑታል፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ የተጠረጠረውን ፊደል ከሰልፉ አውጥተው ያዩታል። ያን ቀን ግን ስለዚህ ነገር ከዚያ መጽሔት ይልቅ ደራርቱ ታውቅ ነበር።

ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «የቀለሟ ጠጋኞችስ?»

«አንድ ተመራማሪ እንደ እሷ ካሉ ሰዎች ቆዳ ወስዶ አየ። ክሩ እንደ ማንኛውም ሰው ይጎብጣል። ቆርጦ የሚያወጣው ግን የለም፤ ቢኖርም ሥራውን አይሠራም። ከአባትም ከእናትም ገና ሳይወለዱ የሚወርሱት ጉድለት ነው። እነዚህን ልጆች ፀሐይ ታቆስላቸዋለች፣ ዓይናቸውን ትወስዳለች፤ ቁስሉ ክፉ ዕባጭ ይሆናል። ቀለሟ ትኖር ዘንድ ከፀሐይ መጠበቅ አለባት።»

ደራርቱ እንዝርቷን መሬት ላይ አኖረች። ቅቤውን አሰበች፣ ቁርበቱን አሰበች። የቅባቱን ቆርቆሮ አሰበች፣ ማለዳው ላይ የጨመረችውን ከሰዓት አሰበች። ከልደቷ ጀምሮ ስምንት ዓመት ነበር።

«እኔ ነኝ ያበላሸኋት?»

ወልደሩፋኤል ገና ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ መዋሸት ይችል ነበር። «ጉድለቱን እርስዎ አላመጡትም» አላት። «ፀሐዩ ግን ጨምሮበታል። ከዛሬ ጀምሮ ያለው ደግሞ በእጅዎ ነው።»

መስኮቶቹ በድርብ ጨርቅ ተሸፈኑ። ቀለሟ ቀን ቀን ቤት ውስጥ ዋለች። ሰፈሩ ግን አላረፈም፤ ደራርቱ ቆማጣ ልጅ ደብቃለች ተባለ። አንዲት ሴት ዘርፈሽን በገበያ ስትጠይቃት፣ «አዎ ደብቃታለች። የልጆችሽን ፊት አይታ እንዳትደነግጥ ነው» ብላ መለሰችላት።

ልጅቷን የከበዳት ሌላ ነው። ጠዋት የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል የመስኮቱ ጨርቅ ሥር ትሄድና ጆሮዋን ትሰጣለች። አንድ ቀን እዚያው እንደቆመች፣ «እማዬ፣ ሕፃን ሳለሁም ፀሐይ ታሞቂኝ ነበር?» አለች።

ደራርቱ ይህን ጥያቄ ስትፈራው ወራት አልፈዋል። «አሞቅሽ ነበር» አለች። «አለማወቄ ነው። ሐኪሙ ነግሮኝም አልሰማሁትም።»

«እኔ ምን እል ነበር?»

«ትስቂ ነበር።»

«እንግዲያው ደስ ብሎን ነበር» አለችና ጆሮዋን ወደ ደወሉ መለሰች። ደራርቱ በዚያች ሰዓት ወሰነች። ይህች ልጅ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ፀሐይም አታያትም።

የአንደኛና መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት ዲሬክተር አቶ ገብረመስቀል ደንብ አክባሪ ሰው ነበሩ። ደራርቱ ከሆስፒታል ያመጣችውን የሐኪሙን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበቡ። በሽታው አይተላለፍም ይላል። «ማንበቧን ፈትኜ አራተኛ ክፍል ላስገባት እችላለሁ» አሉ። «ግን ተማሪ ሁለት ሰዓት ላይ ይሰለፋል፣ ባንዲራ ይሰቅላል። ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ ፀሐይ ወጥታለች።»

«ከፀሐይዋ በፊት እናመጣታለን» አለች ደራርቱ። «ከፀሐይዋ በኋላ እንወስዳታለን። ባንዲራውን ከውስጥ ሆና ትዘምርለት።»

አቶ ገብረመስቀል መነጽራቸውን አወለቁ። «ደንቡ ተማሪ ሳያረፍድ ይምጣ ይላል እንጂ፣ ቀድሞ እንዳይመጣ አይከለክልም» አሉ።

ከስድሳ ሁለት መስከረም ጀምሮ እናትና ልጅ በአሥራ አንድ ሰዓት በቀዩ ጭቃ እየተያዙ ይወጡ ነበር። ዘበኛው በሩን ይከፍታል፤ ቀለሟ የመስኮቱ መዝጊያ ተዘግቶ በሚውልበት ጥግ ትቀመጣለች። ደራርቱ ምሳዋን ታመጣላታለች፤ ማታ ሲመሽ ትወስዳታለች። በክረምት ሰማዩ ሲከደንም እንኳ አትደፍርም፤ ደመና ፀሐይን አያስቀርም ብሎ ወልደሩፋኤል አስጠንቅቋታልና። ይህ ሁሉ ሆኖ ነገሩ አልጠፋም። ፊተኛው ፀሐይ የዘራውን ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ከጉንጯና ከአፍንጫዋ ቆርጦ አወጣ፤ አንድ ዓይኗም ደመና ለበሰ። በሌላኛው ግን አነበበች። ከአምስተኛ ክፍል ደብል መትታ ሰባተኛ ገባች።

በስድሳ አምስት ሰኔ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ደረሰ። እናትና ልጅ እንደ ወትሯቸው ሳይነጋ ትምህርት ቤቱ ደረሱ፤ ቀለሟ ጥግዋ ላይ እርሳሷን እየቀረጸች ጠበቀች። ሁለት ሰዓት ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ስማቸው ከቀ ጀምሮ ያሉት ተፈታኞች በከተማው ማዶ፣ በላይኛው ትምህርት ቤት አዳራሽ ይፈተናሉ ይላል። ፈተናው ሦስት ሰዓት ላይ ይጀመራል። ያረፈደ አይገባም።

ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ሰማዩ ታጥቦ ነበር። ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ሁሉ ታበራለች። አቶ ገብረመስቀል ላብ ላብ እያላቸው መጡ። ያለችው አንዲት ላንድሮቨር የፈተና ወረቀት ይዛ ወደ ኡኬ ከተማ ሄዳለች።

ደራርቱ በሩ ላይ ቆመች። በውጭ የግማሽ ሰዓት መንገድ ፀሐይ አለ፤ ያላት አንድ ጥቁር ጃንጥላ ነው፤ ከጎንና ከታች የሚመጣውን ብርሃን አይመልስም። ቢቀርስ? በሚመጣው ዓመት ትፈተናለች። ግን ያቺ አንዷ ዓይን እስከሚመጣው ዓመት መኖሯን ማን ያውቃል? አትወጣ አትገባ ሆነች።

ዘርፈሽ ልጇን ልታስፈትን ከሌሎች እናቶች ጋር አጥሩ ሥር ነበረች። መጥታ አየቻትና ነገሩን ከፊቷ አነበበች። ጋቢዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«ኑ እስቲ» አለች ለሴቶቹ። «ጋቢያችሁን አምጡ። ምን ታፍራላችሁ? ቀሚስ አውልቁ አላልኩ።»

ሁለት ጋቢ ተደራረበና አራት ሴቶች ጫፍ ጫፉን ይዘው ወደ ላይ ዘረጉት። በዙሪያው ሌሎቹ ነጠላቸውን እንደ መጋረጃ አወረዱ። ቀለሟ መሐል ገባች፤ ጃንጥላዋንም ዘረጋች። ደራርቱ አብራት ገብታ ክንዷን ያዘች። ሄዱ።

ገበያው ዳር ሲደርሱ ዱቤ የሚባለው የጉራጌ ባለሱቅ ሜትሩን እንደያዘ ወጣ። «በሰኔ ሠርግ? ምን ዓይነት ጉድ ነው?»

«የሚስዮን ሰዎች ይሆናሉ» አለው ጎረቤቱ። «እነሱ የሰኔ ፆም የላቸውም።»

አንድ ሽማግሌ ከበቅሏቸው ወርደው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሚስሮ፣ ኤቢፈሚ» አሉ፤ ሙሽራይቱ፣ ተባረኪ ማለታቸው ነው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዘርፈሽ አላስቻላትም፤ እልልታዋን አቀለጠችው።

«ምን ነካሽ አንቺ?» አለቻት ጫፍ የያዘችው ሴት።

«ያለ እልልታ መንገድ ይለቁልናል ብለሽ ነው?»

መንገዱ ግራና ቀኝ ተከፈለ። እልልታው ከሱቅ ሱቅ ተቀባበለ።

ደራርቱ በጋቢው ሥር አንገቷን ደፋች። ልጇ ሠርግ እንደማይኖራት ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች፤ ይህን ነገር ከራሷ ጋር እንኳ አውርታው አታውቅም። «ልንገራቸው?» አለች በቀስታ። «ሠርግ አይደለም ልበላቸው?»

«ተያቸው እማዬ» አለች ቀለሟ። «ፈተና ለሚሄድ ሰው ማን እልል ብሎ ያውቃል?» ከዚያም «እግርሽን ፍጠኚ፣ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው» አለቻት።

አዳራሹ በር ላይ ፈታኙ ሰዓቱን እያየ ቆሟል። ጋቢው፣ ነጠላው፣ ላብ ያጠመቃቸው ሴቶች ፊቱ ተደቀኑ። «ሙሽራ ነው የምታስፈትኑት?»

«ተፈታኝ ናት» አለች ደራርቱ። «ከመስኮቱ አርቀህ አስቀምጥልኝ።»

የተሰጣት ወንበር ፀሐይ ላይ ነበር። ፈታኙ የቀለሟን ፊት አየ፣ ጠረጴዛውን ራሱ አንሥቶ ወደ ጨለማው ግድግዳ ወሰደው። በሩ ተዘጋ።

ፈተናው በስድስት ሰዓት አለቀ። ሌሎቹ ልጆች እየሮጡ ወጡ። ቀለሟ ግን በዘበኛው ፈቃድ አዳራሹ ውስጥ ቀረች፤ መመለሻው ለማታ ነው። ደራርቱ እናቶቹን «ሂዱ እንግዲህ፣ ቤታችሁ ሥራ አለ» አለቻቸው። ዘርፈሽ ጫማዋን አውልቃ ሣሩ ላይ ተዘረጋች። ሌሎቹም ተቀመጡ። ከሰዓቱን ስለ በርበሬ ዋጋ፣ ስለ ባሎቻቸው፣ ስለ ነገው የአማርኛ ፈተና ሲያወሩ ቆዩ። አንዷ ቆሎ አወጣች፤ ግማሹን በመስኮቱ መዝጊያ ስንጥቅ ወደ ውስጥ አቀበሉ።

ፀሐይዋ ባሕር ዛፉን አልፋ ወረደች። ደራርቱ መሬቱ ላይ የቀረ ጥላ እስኪጠፋ ጠበቀች፤ ከዚያም ጥቂት ጨመረች። ተነሥታ በሩን አንኳኳች።

«ነዪ» አለች፤ «ሄዳለች።»